ቅቤ የጠጣው ሬጉሌተር

ያለፈውን ሳምንት ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገረው፤ ዛሬ ልቤ ስለቸኮለ ማርዘም አልችልም። ናጅዋ የልጅ ልጄ ናት። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ መርሳ በሚገኘው የመስኖ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ናት። አባቷ ኡበይደላ አንድዬ ልጄ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ጀልባ ተሳፈረ፤ ጀልባዋም አልደረሰች፣ እሱም አልደረሰ። ሚስባህ ደግሞ የሐራ ልጅ ነው። ያለ አባት ያደገ፣ በብየዳ የሚተዳደር ድሃ ነበር፤ ጅቡቲ ወደብ ወርዶ ውሃ ውስጥ ገብቶ መሥራት ተማረና ተመለሰ። አሁን ወልድያ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ የግድብ በር ሲደፈን፣ ፓምፕ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ይጠሩታል፤ አሁንም የኛ ግድብ በር ተደፍኖ ተጠርቷል። እንግዲህ ከሰው ሁሉ መርጣ ናጅዋ የወደደችው ይህን ጠላቂ ነው!

እናም ሰኞ ዕለት ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። «እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም። አንዱን ውሃ በላብኝ፤ ሁለተኛውን በሰርግ አጅቤ አልሰጠውም» አልኳት። አልተከራከረችኝም። እንደ ሁልጊዜዋ «እሺ እማዬ» አለች፤ ወረቀት አወጣች፤ ጻፈች፤ አንብቢው ብላ ሰጠችኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩት ለዚህ ኖሯል?

«ሚስባህ፣ አያቴ አንድ ልጇን ውሃ ወስዶባታል። ደግማ ውሃ ዳር ቆማ ሰው እንድትጠብቅ አላደርጋትም። የግድቡን ሥራ ጨርስና በሰላም ወደ ወልድያ ተመለስ። አትጻፍልኝ፤ ብትጽፍልኝ እመልሳለሁና። ናጅዋ።»

የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። «ብትጽፍልኝ እመልሳለሁና።» ያንጊዜ ወረቀቱን መቅደድ ነበረብኝ። አልቀደድኩም፤ ፈሪ ነኛ።

የሚስባህ የዕቃ ሳጥን እኛ ቤት ነበር። ረቡዕ ከወልድያ ይዞት ሲመጣ የቢሮው መጋዘን ተቆልፎ ስላገኘው ናጅዋ ተቀብላው ገባች። ያንኑ የሰኞውን ደብዳቤ አጠፈችና ሳጥኑ ውስጥ ከስፖንጁ ሥር አስገባችው። ከዚያ የዐስር ሶላት ልትሰግድ ሄደች። እኔና ሳጥኑ ብቻችንን ቀረን። ያኔ ያደረግኩትን አሁን አልናገርም፤ እደርስበታለሁ።

*

ሐሙስ ጠዋት በባጃጅ ከመርሳ ወጣን።

«እማዬ፣ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው የምትመጪው?»

«ልቀመጥ» አልኳት።

«ቤት አይቀመጥም?»

«ቤትማ ማን ያስቀምጠኛል?»

ግድቡ ትንሽ ነው ይላሉ። ለኔ ባሕር ነው። የውሃው መውጫ በር በግንድና በደለል ተደፍኖ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልከፈት ብሏል፤ ታች የተዘራው ሽንኩርትና ማሾ ጠውልጓል። ገበሬው ዳር ዳሩን ሞልቶታል። የውሃ አባቱ ዑስማንም አለ፤ ውሃውን በየተራ የሚያከፋፍል፣ ጠብ ሲነሳ የሚዳኝ ሽማግሌ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም ጦይባ! አንቺም ልትዋኚ መጣሽ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አንተን ልወረውርህ ነው የመጣሁት።»

ሰዉ ሳቀ። ሚስባህ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ ናጅዋ ላይ ነበር። ጥቁር የጎማ ልብሱን እስከ ወገቡ ለብሶ ቆሟል፤ እሷ ሻሿን ታስተካክላለች። በመሃላቸው ዐስር እርምጃ ቢኖር ነው፤ ግን ሁለቱም ዐስሩን እርምጃ በዓይናቸው ሲሄዱት አየሁ። እሷ ቀድማ አቀረቀረች።

«እማማ ጦይባ፣ እንዴት አደሩ?» አለኝ።

«ደህና» አልኩ፤ መሬቱን እያየሁ።

ሳጥኑን ከፈተ። ስፖንጁን አነሳ። ወረቀቱን አየ።

ሲያነብ ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ጆሮው ብቻ ቀስ እያለ ቀላ። አጠፈው። ጎማ ልብሱ ኪስ የለውም፤ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ። በመጨረሻ ጫማው ውስጥ ከተተው። ናጅዋ ጀርባዋን ሰጥታ ገመድ ትጠቀልላለች፤ የተጠቀለለውን ትፈታና መልሳ ትጠቀልላለች።

ያ ረቢ! ሰው እንዲህ ሆኖ ውሃ ይገባል? ልቡ ደረቅ መሬት ላይ ቀርቶ ሰውነቱ ብቻ ይወርዳል? እኔ ነኝ ያጻፍኩት፤ እኔ ነኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

*

ሚስባህ ሬጉሌተሩን አወጣ። ሬጉሌተር ማለት ከአየር ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚታሰር፣ ቡጢ የምታክል የነሐስ ዕቃ ናት፤ ከሷ ላይ አፍ ውስጥ የሚገባው ቱቦ ይወጣል። ሊያስራት ሲል ከጣቱ አዳለጠችው። ጣቱን አየ። አሸተተው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ዑስማን ተጠጋና እሱም አሸተተ። «ቅቤ ነው» አለ፤ ቆየና፣ «ለጋ ነው። የላም ነው። አዬ ልጄ፣ ጅቡቲ ዕቃን በቅቤ ነው እንዴ የሚያሳጥቧችሁ?»

ገበሬው ሁሉ ተንከተከተ። ሚስባህ ዕቃዋን ወደ ብርሃን አዞራት። በጎኗ ዙሪያ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁሉም በቅቤ ተደፍነዋል።

«ማነው ያደረገው?»

ናጅዋ እኔን አየችኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ። ከዚያ በላይ መደበቅ አቃተኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በኛ ወግ መንገደኛ ሲወጣ አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል፤ ዱዓ ይደረግለታል። ኡበይደላ ተደብቆኝ ነው የሄደው። አናቱን ሳልቀባው ሄደ። ዘጠኝ ዓመት ይህ እጄ ይበላኛል። አንተን ደግሞ እምቢ ብዬሃለሁ፤ እምቢ ያልኩትን ሰው አናት በምን አፌ እቀባለሁ? ስለዚህ ዕቃህን ቀባሁልህ! ቀዳዳዎቹን ሳይ እንደ ስፌት መኪና ዘይት የሚጠጡ መሰለኝና አጠጣኋቸው። በሰላም ሂድ፣ በሰላም ተመለስ ብዬ ነው። በቃ!»

አንድም ሰው አልሳቀም። ሚስባህ ፊቴ ቁጢጥ አለ፤ ዓይኑ ሞልቷል፤ ከንፈሩ ግን ሊስቅ ይታገላል።

«እማማ ጦይባ፣ ሳጥኔ ውስጥ ሁለት ደብዳቤ አገኘሁ። አንደኛው በወረቀት ነው፤ አትምጣ ይለኛል። ሁለተኛው በቅቤ ነው፤ ተመለስ ይለኛል። የቱን ልመን?»

ናጅዋ ገመዱን ለቀቀችው።

«መጀመሪያ አንተ ንገረኝ» አልኩት። «ልገድልህ ነበር?»

«አብሽሩ። አንድ ቀን ይህችን ዕቃ ሳልፈትሽ ገብቼ አላውቅም። ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

*

ሰሌን ተነጠፈ። ሙቅ ውሃና ሳሙና ከመንገድ ዳሯ ሻይ ቤት መጣ። ሚስባህ የነሐሷን ዕቃ በልዩ ቁልፍ ፈታትና ሆድ ዕቃዋን ዘረገፈው፦ አንድ ጠንካራ ሞላ፣ እንደ አውራ ጣት ያለች ተንሸራታች ብረት፣ ጥቂት የላስቲክ ቀለበት። በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል፤ እኔ በጥያቄ እፈገፍገዋለሁ።

«እኔ የምፈራውን ልንገርህ። ቡታጋዝ ሲያልቅ እሳቱ እየሰለለ ይሄዳል። መጀመሪያ ይንቀለቀላል፣ ኋላ ሻይ ማፍላት ያቅተዋል። ያንተም ትንፋሽ ታች እንዲህ እየሰለለ…» መጨረስ አልቻልኩም።

«ካወቁኝ ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ ሲፈሩ የኖሩት ይሄን ነው?»

«ይሄን ነው! ትንሽ ነገር ነው እንዴ?»

«አይደለም። ትንሽ ስላልሆነ ነው ይህች ዕቃ የተሠራችው። ጣሪያዎ ላይ ሮቶ አለ አይደል? ውስጡ ተንሳፋፊ ኳስ አለችው። የቧንቧው ውሃ በኃይል ቢመጣም፣ ሰልሎ ቢመጣም፣ ሮቶው ሲሞላ ኳሷ ትዘጋለች፤ ሲቀዱ ወረድ ትልና ትከፍታለች።»

«እሷንማ እኔ ነኝ ያስቀየርኳት።»

«ይህችም እንደዚያው ናት። ሲሊንደሩ ሲሞላ ግፊቱ ሁለት መቶ ነው፤ ሳምባ አይችለውም። እዚች ክፍል ውስጥ ሲገባ ይህ ሞላ በሩን ይከፍትለታል። አየሩ ግፊቱ ዐስር ሲደርስ ብረቷን መልሶ ይገፋትና በሩን ይዘጋል። እኔ ስተነፍስ ትንሽ ይጎድላል፤ ሞላው ያሸንፍና ይከፍታል። ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። ሲሊንደሩ ቢጎድልም እኔ ጋ የሚደርሰው ያው ነው።»

«ቀዳዳዎቹስ?»

«ቀዳዳዎቹ የውሃው መግቢያ ናቸው። ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ውሃው ደረቴን ይጫነዋል። ያው ውሃ በነዚህ ገብቶ ሞላውን ያግዘዋል፤ ስለዚህ አየሩ ከሚጫነኝ ውሃ ሁልጊዜ በዐስር ይበልጣል። ቅቤው ረግቶ ቀዳዳውን ቢዘጋ ግን፣ ጥልቀቴን ለሞላው የሚነግረው ይጠፋል። ትንፋሹ ታች ይከብደኝ ነበር።»

«አስተግፊሩላህ!» እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኔ ልጠብቀው ብዬ ውሃ የሚያወራበትን አፍ ደፍኜ!

ገጣጠማትና ሲሊንደሩ ላይ አሰራት። ሁለት ጌጅ አገናኘ፤ አንዱ የሲሊንደሩን፣ አንዱ ወደሱ የሚሄደውን አየር ይለካል። «ይጫኑ» አለኝ። የአፉን ዕቃ ቁልፍ ተጫንኩት፤ አየሩ ሽሽሽሽ ብሎ ፊቴን መታኝና ሻሼን ገለበጠው። ዑስማን «ጦይባ ልትበሪ ነው!» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ዓይኔን ከመርፌዎቹ አልነቀልኩም። የትልቁ ጌጅ መርፌ ወረደች፤ እንደገና ወረደች። የትንሹ መርፌ ስጫን እንደ ቅንድብ ብቻ ሰበር ትላለች፣ ስለቅ ዐስር ላይ ትመለሳለች። ደግሜ ተጫንኩ። ሰበር፣ ዐስር። ደግሜ ተጫንኩ። ሰበር፣ ዐስር! እንደ ሕፃን ሳቅኩ። ወላሂ ደስ አለኝ!

«ይበቃል እማማ፣ አየሬን ጨረሱት እኮ» አለ እየሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ክፋትም አላት። እስከ መጨረሻው እኩል ስለምትሰጥ፣ ሊያልቅ ሲል አይታወቅም። ትንፋሽ አይሰልልም፤ ድንገት ነው የሚቆመው። ስለዚህ ትልቁን ጌጅ ዞር ብሎ ማየት ነው። ያላየ ጠላቂ ነው የሚሞተው።»

ዞር አልኩ።

ናጅዋ ቆማለች። ገመዱን ይዛ፣ ያንን ፊቷን ይዛ። ያ ፊት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለኔ አንድ ዓይነት ነበር። አባቷ ሲሞት «እሺ እማዬ»። ዩኒቨርሲቲ ርቃ እንዳትሄድ ስከለክላት «እሺ እማዬ»። ሰኞ ዕለት «እሺ እማዬ»። አንድ ቀን ጎድሎባት አላየሁም። አላየሁም፤ ምክንያቱም አልተመለከትኩም።

«ናጅዋ» አልኳት። «አንቺስ ልጄ? ምን ያህል ቀርቶሻል?»

አፏን ከፈተች። እሺ ልትል መሰለኝ።

«አልቋል እማዬ» አለች። «ሰኞ አለቀ።»

እዚያው እሰው ፊት ተንሰቀሰቀች። ሚስባህ ግማሽ ተነሳና ቆመ፤ ሊጠጋት አይገባውም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። እኔ ተነሥቼ አቀፍኳት። ሰውነቷ እንዲህ ቀሎ ያገኘሁት መቼ ነው? ከትከሻዋ በላይ አሻግሬ ሚስባህን አየሁት።

«መልስ ፈልገህ አልነበር?»

«አዎ እማማ።»

«ስትወጣ እነግርሃለሁ። ስለዚህ ውጣ!»

*

ከመግባቱ በፊት ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ ገመዱን ናጅዋ ትይዛለች፤ ሌላ ሰው አይነካም። አንዴ ሲጎትት ደህና ነኝ፣ ሦስት ጊዜ ሲጎትት እየወጣሁ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የበሩን መዘውር እሱ ሳይወጣ ማንም እንዳያዞር። በሩ ከተከፈተ ውሃው ሲሮጥ እሱንም ይዞት በቀዳዳው ይገባል።

«መዘውሩን ማን ይጠብቅ?» አለ ዑስማን።

«እኔ» አልኩ። ሄጄም ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

ሚስባህ ቀስ ብሎ ገባ። ውሃው አናቱ ላይ ተዘጋ። ያ ረቢ፣ እንዴት ቶሎ ይዘጋል! ሰው ከገባበት በኋላ ምንም እንዳልዋጠ ዝም ይላል። አረፋው ብቻ ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። እኔ ከአረፋው ጋር እቆጥራለሁ፤ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። ናጅዋ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛለች፤ አንዴ ሲጎተት ከንፈሯ ፈገግ ይላል። መልሳ ትጎትትለታለች። ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ፍቅረኞች ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ እንደነዚህ ሁለቱ ያወራ አላየሁም።

አንድ ግንድ ቦለቀና ተንሳፈፈ። ገበሬው ጮኸ። ሌላ ግንድ። ከዚያ ምንም። አረፋው በሩ ሥር አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ናጅዋ ጎተተች፤ መልስ የለም። ደግማ ጎተተች፤ መልስ የለም።

«ግንዱ ይዞት ነው» አለ አበባው የሚባለው ገበሬ፤ ሽንኩርቱ በሙሉ የደረቀበት ነው። «በሩን ትንሽ ከፈት ብናደርገው ውሃው ራሱ ይገፋለታል። ይነሱ እማማ።»

«አልነሳም!»

«ልንረዳው እኮ ነው!»

«እኔም ልረዳው ብዬ ነበር ቅቤ ያጠጣሁት! አንድ እርምጃ ብትጠጋ በዚህ ከዘራ አናትህን ነው የምልህ!»

ዑስማን «ተዋት» አለው። «ይህችን ሴት ከዚያ የሚያነሳት ዝሆን ነው።»

የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። መዘውሩን በሁለት ክንዴ ጥምጥም ብዬ ያዝኩ። አረፋው አለ፤ አዎ አለ፤ ቡልቅ ይላል፣ እኩል ነው፣ አልቸኮለም። እኩል ነው ማለት ግን አላለቀም ማለት አይደለም፤ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ጌጅህን እይ ልጄ። ዞር በልና እይ። ለኡበይደላ ያልኩትን ሁሉ፣ ለኡበይደላ ልለው ያልቻልኩትን ሁሉ ለሱ አልኩ። «ውጣ» አልኩ። «ቃል ገብቼልሃለሁ፤ ውጣ!»

ናጅዋ ድንገት ጮኸች።

«አንድ!» ገመዱ ተጎተተ። «ሁለት! ሦስት! እማዬ፣ ሦስት ነው! ሦስት ነው!»

መጀመሪያ የመጣው ትልቅ የግራር ጉቶ ነው፤ ሥሩ እንደ እጅ ተንጨባሮ። ቀጥሎ ጥቁር ራስ ወጣ። የአፉን ዕቃ አውጥቶ አየራችንን ሳበ፤ ይህንን ተራ፣ አቧራ ያለበትን የአገራችንን የሀብሩን አየር። ናጅዋ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታለች፤ ቀሚሷን አልሰበሰበችም፤ ገመዱን አሁንም አልለቀቀችም። ሁለት ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ። ሰው አለ፣ ሽማግሌ አለ፤ አልተነካኩም። ግን እንዴት እንደተያዩ! እኔ ዓይኔን መለስኩ፤ ይህን ያህል ደስታ በሰው ፊት ላይ ማየት ነውር መሰለኝ።

*

ከመዘውሩ አንስቶ ያወረደኝ አበባው ነው። ዐራት ሆነው አዞሩት። ታች በቦዩ አፍ በኩል መጀመሪያ ጭቃ ተፋ፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ፣ ቀጥሎ ጎርፍ! እልልታው ቀለጠ። ወንዱም ሴቱም ከውሃው ጋር ቁልቁል ሮጠ፤ ዑስማን ዱላውን እያወናጨፈ «በተራ! በተራ!» እያለ ከኋላቸው ሮጠ፤ በሰባ ሁለት ዓመቱ!

እኛ ሦስታችን ዳሩ ላይ ቀረን። ሚስባህ ከራሱ ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ ፊቴ ቆመ።

«እማማ ጦይባ፣ ወጣሁ» አለኝ።

«አየሁህ።»

ናጅዋ ጎኔ ናት። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ከገመዱ ተልጧል። ትጠይቀኛለች ብዬ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ፤ እንደ ልጅነቷ፣ ቀጥ ብላ፣ ያንን አንድ ዓይነት ፊቷን ጥላ።

«እማዬ፣ አሁንም ትፈሪያለሽ?»

«እፈራለሁ እንጂ!» አልኩ። «ምን መሰለሽ? ፍርሃት እንደ ግንድ ተንሳፍፎ የሚወጣ ነው? በነጋ በጠባ እፈራለሁ። ግድብ ሲባል እፈራለሁ፣ ስልክ ሲዘገይ እፈራለሁ።» ወደሱ ዞርኩ። «ብቻ እስከዛሬ የምፈራው ለአንድ ሰው ነበር። ከዛሬ ወዲያ ለሁለት ልፈራ ነው። ሽማግሌዎችህን ላክ።»